የመባው ሣጥን ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው? ለአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች፣ ለገንዘብ ያዦችና ለምእመናን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለካህናት፣ ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች፤ ለገንዘብ ያዦችና ለመባ ቆጣሪዎች፤ እንዲሁም ከላባችሁ ቀንሳችሁ ለምትሰጡ ምእመናን ሁሉ፤

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በመባ ቆጠራ፣ በሒሳብ መዝገብና በችግረኞች እርዳታ የምናገለግል ምእመናን ነን። ልመናችን አንድ ነው፦ የተሰጠው ገንዘብ ከሰጪው እጅ ወጥቶ ተቀባዩ ጋ እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ሁሉ እንደ አምልኮ ይያዝ። ስለ መስጠት ብዙ ይሰበካል። ገንዘቡ ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ስላለው ነገር ግን እምብዛም አይነገርም። ልግስና የሚደርቀውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ሰው እጁን የሚሰበስበው ንፉግ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። የሰጠው የት እንደ ገባ ሳያውቅ ሲቀር፣ ወይም በሰው ፊት አፍሮ እንደ ሰጠ ሲገባው፣ ልቡ ቀስ በቀስ ይሸሻል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች ያሰባሰበውን ስጦታ አስቡ። በአዲስ ኪዳን ስለ ገንዘብ አያያዝ ይህን ያህል በዝርዝር የተጻፈልን ሌላ ነገር የለም። ለገላትያ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓት ሰጠ፣ ለቆሮንቶስ ጻፈ፣ መቄዶንያና አካይያም አዋጡ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 ላይ ያለው መመሪያ አጭር ነው፦ በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን ለይቶ ያስቀምጥ፤ ይህም ጳውሎስ ሲመጣ ያን ጊዜ መዋጮ እንዳይሰበሰብ ነው። የመጨረሻዋን ሐረግ ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፋታለን። ጳውሎስ ቢመጣና ቢሰብክ የሰው ልብ እንደሚሞቅ፣ ኪሱም እንደሚከፈት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሆን ብሎ ራሱን ከመስጫው ሰዓት አራቀ። ሰው በቤቱ፣ በጸጥታ፣ አስቦበት እንዲለይ ፈለገ። እንግዳ ሰባኪ ተጠርቶ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ እንባ ሲፈስ ጠብቆ ሣጥን የሚያዞር ሰው ከዚህ ተቃራኒ እየሠራ ነው።

ገንዘቡን ማን ይውሰደው ለሚለውም መልስ አለው። ጳውሎስ «እኔ እወስደዋለሁ» አላለም፤ «እናንተ የፈተናችኋቸውን ሰዎች እልካለሁ» አለ። እንደሚገባ ከታየ እሱም አብሮ ይሄዳል። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ቲቶን ከሌሎች ሁለት ወንድሞች ጋር ላከ። ከእነርሱ አንዱን የመረጡት አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ነበሩ፤ ሌላውም ብዙ ጊዜ ተፈትኖ ትጉ ሆኖ የተገኘ ነው። ምክንያቱንም አልሸሸገም፦ ስለዚህ ትልቅ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን። በሐዋርያት ሥራ 20፥4 ላይ ከቤርያ፣ ከተሰሎንቄ፣ ከደርቤንና ከእስያ የመጡ 7 ሰዎች ከጳውሎስ ጋር እንደ ተጓዙ ይነበባል፤ ብዙ ተርጓሚዎች እነዚህን የስጦታው አጃቢዎች አድርገው ይረዷቸዋል። ጳውሎስ የሚታመን ሰው አልነበረምን? ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ብሎ ማለፍ ግን አልበቃውም።

ከሱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ዕዝራም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሣ ከካህናት አለቆች 12 ሰዎች ለይቶ 650 መክሊት ብርና 100 መክሊት ወርቅ መዝኖ ሰጣቸው። ሲሰጣቸውም «እናንተ ለእግዚአብሔር የተቀደሳችሁ ናችሁ» አላቸው። ቅዱሳን ናችሁ ብሎ ሳይመዝን አልተወም፤ መዝኖ ስለ ሰጠም ቅድስናቸውን አልተጠራጠረም። ኢየሩሳሌም በደረሱ በአራተኛው ቀን ሁለት ካህናትና ሁለት ሌዋውያን በተገኙበት ሁሉም በቁጥርና በሚዛን ተረከበ፤ ሚዛኑም በዚያው ሰዓት ተጻፈ (ዕዝራ 8፥33-34)። «ወንድሞችን መቆጣጠር አለመተማመን ነው» ለምትሉን መልሳችን ይኸው ነው። የተመዘነ ገንዘብ የተሸከመ ካህን ኢየሩሳሌም ሲደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ ይገባል። ያልተመዘነ የተሸከመ ግን ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን የሚያሳይበት ምንም ነገር የለውም።

ሌላው ምስክር አሳዛኝ ነው። ከ12ቱ ደቀ መዛሙርት ከረጢቱን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከሚገባውም ይወስድ ነበር (ዮሐንስ 12፥6)። በመጨረሻዋ ማዕድ ላይ ይሁዳ ተነሥቶ ሲወጣ አንዳንዶቹ ለድሆች ሊሰጥ የሚሄድ መሰላቸው (ዮሐንስ 13፥29)። አብረው በልተው፣ አብረው ተጉዘው፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልጠረጠሩም። የሌባ ፊት አይለይም። ስለዚህ «እኛ እናውቀዋለን፣ ወንድማችን ነው» የሚል መተማመን ብቻውን ገንዘብ አይጠብቅም፤ ያንን ወንድምም ከፈተና አይጠብቀውም። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላልና ከረጢቱን ሁለት ሰው ይያዘው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንግባ። ነገሩ የሚበላሸው በዝርዝሩ ነውና በዝርዝር እንጽፋለን።

ቆጣሪዎች ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ይሁኑ። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ወይም ወንድማማቾች ለአንድ ቀን ቆጠራ አብረው አይመደቡ። ሰባኪውም ሆነ ገንዘብ ያዡ አይቁጠሩ። ተራው በየወሩ ይቀያየር። ሣጥኑ ወይም ከረጢቱ ከጉባኤው ፊት ሲነሣ ጀምሮ በሁለት ሰው መሃል ይሁን፤ «አንተ ቆየው፣ መጣሁ» የሚባል ነገር አይኑር። ቆጠራው በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ ማንም ወደ ቤቱ ሳይሄድ ይለቅ። ለሰኞ የተላለፈ ቆጠራ የአንድ ሰው ቤት ያደረ ገንዘብ ማለት ነው።

መጀመሪያ ኖቱ በዓይነት በዓይነቱ ይለይ፤ ሳንቲሙም እንዲሁ። አንዱ ቆጥሮ ውጤቱን በራሱ ወረቀት ይጻፍ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገር። ሁለተኛው ያንኑ ክምር እንደ አዲስ ቆጥሮ በሌላ ወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ይነጻጸር። የመጀመሪያውን ቁጥር የሰማ ሰው ሳያውቀው ወደዚያ ቁጥር እየጎተተ ይቆጥራል፤ መናገር የተከለከለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ አትደንግጡ፣ ልዩነቱን ተመልከቱ። አንዱ 4,830፣ ሌላው 4,380 ቢል ልዩነቱ 450 ነው። 450 ለ9 ሲካፈል 50 ይሆናል፣ ቀሪ የለውም። ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ በቆጠራው ሳይሆን በአጻጻፉ ነው፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። ልዩነቱ ልክ የአንድ ኖት ዋጋ ያህል ከሆነ ደግሞ ሁለት ኖት ተጣብቆ ታልፏል፤ የዚያን ዓይነት ክምር ብቻ ደግማችሁ ቁጠሩ። ይህን የማያውቁ ቆጣሪዎች ሙሉውን ሦስት አራት ጊዜ ቆጥረው ሲደክማቸው «በቃ አማካዩን እንጻፍ» ይላሉ። አማካይ የሚባል ቁጥር በመባ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

በፖስታ የተሰጠ ካለ ፖስታው ሲከፈት ሁለቱም ይዩ። በላዩ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ካልተስማማ በውስጡ የተገኘው ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ ሰጪውም በዚያው ሳምንት በስውር ይጠየቅ። ድምሩ በአኃዝም በፊደልም በቀለም ይጻፍ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ጎኑ ላይ ይፈረምበት እንጂ አይፋቅ። ባዶ የቀሩ መስመሮች ይሰረዙ፤ ባዶ መስመር ነገ ሌላ ሰው የሚጽፍበት ቦታ ነው። ቅጹ በሦስት ቅጂ ይሠራ፦ አንዱ ከገንዘቡ ጋር ይሂድ፣ አንዱ ለመዝገብ ያዡ፣ አንዱ ደግሞ ገንዘብ ፈጽሞ ለማይነካ ሽማግሌ ይሰጥ። ገንዘቡ በቀጣዩ የሥራ ቀን ሙሉ በሙሉ፣ ሳይሸራረፍ፣ ባንክ ይግባ። የባንኩ ደረሰኝና የቆጠራው ቅጽ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መግጠም አለባቸው።

«ሳይሸራረፍ» ያልነውን እንደግመዋለን፤ ከሁሉ የበዛው ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነውና። እንግዳ አገልጋይ መጥቶ የትራንስፖርት ይሰጠው ይባላል፤ የጽዳት ዕቃ አልቋል ይባላል፤ ከሣጥኑ ተወስዶ ይከፈላል፤ ከዚያ የቀረው ይቆጠራል። የወሰደው ሰው ምናልባት ልቡ ንጹሕ ነው። ግን ከዚያች ቀን በኋላ የተሰጠውን ጠቅላላ ገንዘብ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ወጪውና ስርቆቱ በአንድ ጉድጓድ ገብተዋል፣ የሚለያቸው የለም። ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜም ያ ንጹሕ ሰው መከላከያ ያጣል። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ከባንክ የወጣ፣ መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ አነስተኛ የእጅ ገንዘብ ይኑር፤ በደረሰኝ ይወጣ፣ ሲጎድል ደረሰኞቹ ተደምረው ይተካ። የቀረው ገንዘብና የደረሰኞቹ ድምር ሁልጊዜ ከመነሻው መጠን ጋር እኩል መሆን አለበት።

የሚቀበል፣ የሚመዘግብና የሚከፍል ሰው ይለያይ። ጉባኤያችሁ ትንሽ ሆኖ ሦስት ሰው ካጣችሁ ቢያንስ የባንኩን ወርሃዊ መግለጫ ገንዘብ ያዡ ያልሆነ ሰው ተቀብሎ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። ቼክ በሁለት ፊርማ ይውጣ። አንዱ ፈራሚ መንገድ ስለሚሄድ ባዶ ቼክ ላይ ፈርሞ የሚሄድበትን ልማድ ተዉት፤ ያ ሁለት ፊርማ አይደለም። በስልክ የሚላክ ስጦታም በጉባኤው ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ይግባ። በአገልጋይ የግል ቁጥር የገባ ስጦታ፣ አገልጋዩ መልአክ ቢሆን እንኳ፣ ለሰጪው ደረሰኝ የለውም፤ ለአገልጋዩም ወጥመድ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ለተለየ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ራሱን የቻለ ገጽ ይኑረው። ባንክ ውስጥ 90,000 አለ እንበል። ከዚያ 60,000ው ለወላጅ አልባ ልጆች ተብሎ የተሰጠ ነው። ለሌላ ሥራ ያላችሁ 30,000 ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ 90,000ን ብቻ አይቶ «አለን» ሲል ሽማግሌዎቹ የጣራ ሥራ ያጸድቃሉ፤ በኋላ «ከልጆቹ ተበድረናል፣ እንመልሳለን» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ልጆቹ አይጮኹማ። ዓላማው ሊፈጸም ካልቻለ ሰጪዎቹ ይጠየቁ፤ ካልፈቀዱ ይመለስላቸው።

የንጉሥ ኢዮአስ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። እስከ ነገሠ 23ኛው ዓመት ድረስ ካህናቱ ገንዘቡን እየተቀበሉ ቤተ መቅደሱ ሳይጠገን ቀረ። ንጉሡ ካህናቱን ሰብስቦ አልረገማቸውም፤ አሠራሩን ለወጠ። ካህኑ ዮዳሄ የሣጥን ክዳን ቀድዶ በመሠዊያው በስተቀኝ አኖረ። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው ቆጥረው በከረጢት ያስሩት ነበር፤ ከዚያ ለአናጢዎችና ለግንበኞች ይከፈል ጀመር (2ኛ ነገሥት 12)። ከቤተ መንግሥት አንድ፣ ከቤተ መቅደስ አንድ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ ክዳኑ ላይ የተበሳው ቀዳዳና የሁለት ሰው ቆጠራ ግን ሥራውን አስኬዱት።

ወደ መድረኩ ስንመጣ ልባችን ይከብዳል። ሚልክያስ 3፥10ን እየጠቀሱ «አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡ» የሚሉ ሰባኪዎች 5 ቁጥር ወደ ላይ ወጣ ብለው 3፥5ን እንዲያነቡ እንለምናቸዋለን። እዚያ እግዚአብሔር የምንደኛውን ደመወዝ በሚከለክሉ፣ መበለቲቱንና ወላጅ አልባውን በሚያስጨንቁ ላይ ፈጣን ምስክር እንደሚሆን ይናገራል። አሥራት የሚጠይቅ ጉባኤ ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዛቸውን በቀኑ አግኝተዋልን? ሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛ ዋጋ እስከ ነገ ድረስ አይደርብህ ይላል። ጎተራው ራሱ ምን እንደ ነበር ደግሞ ነህምያ 13 ያሳየናል፦ እህል፣ ወይንና ዘይት የሚቀመጥበት ክፍል ነበር። ክፍሉ ለጦቢያ መኖሪያ በተሰጠ ጊዜ የድርሻቸውን ያጡት ሌዋውያን ወደየእርሻቸው ሸሹ። ነህምያ የጦቢያን ዕቃ ወደ ውጭ ወርውሮ፣ ክፍሉን አስነጽቶ፣ አራት ሰዎች ሾመ፦ ካህን፣ ጸሐፊ፣ ሌዋዊና ረዳት። የተሾሙበትም ምክንያት የታመኑ ሆነው ስለ ተገኙ ነው፤ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማካፈል ነበር። ጎተራ የሚሞላው እንዲካፈል ነው።

«ይህን ያህል ዝራ፣ ይህን ያህል እጥፍ ታጭዳለህ» የሚለውን ስብከት ደግሞ በግልጽ እንቃወመዋለን። 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥6 ስለ መዝራትና ማጨድ ይናገራል፤ አጫጁ ምን እንደሚያደርግበት ግን 9፥11 ይነግረናል፦ በልግስና ሁሉ ባለጠጋ የምትሆኑት እንድትሰጡ ነው። ጌታችን መቶ እጥፍ ሲል በማርቆስ 10፥30 ላይ «ከስደት ጋር» የሚል ቃል አኑሮበታል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለው ተረት በምድር ጉዳይ ተነግሮ ሊሆን ይችላል፤ በእግዚአብሔር ቤት ግን ቦታ የለውም። ጠንቋዩ ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ በፈለገ ጊዜ ጴጥሮስ ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ አለው። ዛሬ ገንዘብ የሚያመጣ ሰው «ልዩ ጸሎት» የሚደረግለት ከሆነ፣ ድሀው ደግሞ ከኋላ ቆሞ የሚያይ ከሆነ፣ የሲሞንን ሐሳብ ተቀብለን የጴጥሮስን ቃል ጥለናል።

በጉባኤ ፊት «ይህን ያህል የሚሰጥ ይነሣ፣ ከዚህ ዝቅ የሚል ይነሣ» እየተባለ ቃል የሚገባበትን ሥርዓትም አስቀሩ። «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» የሚለው ቃል በዚያ ሰዓት ይጣሳል። መሬት ሸጦ ከዋጋው የደበቀው የሐናንያ ታሪክ እንኳ ለማስፈራሪያ ይጠቀሳል፤ ጴጥሮስ ግን «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን?» ነው ያለው። ኃጢአቱ መዋሸቱ እንጂ ማነሱ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ቃል የተገባው ብዙ ሆኖ የሚገባው የሚያንሰውም ለዚህ ነው፤ ቃሉን የተናገረው እፍረት ነበር፣ ከፋዩ ግን ደመወዝ ነው። ሙሴ ድንኳኑን ሲያሠራ ግን ሕዝቡ ከሚበቃው በላይ አመጣ፤ ሙሴም «ከእንግዲህ ማንም አያምጣ» ብሎ በሰፈሩ አሳወጀ (ዘጸአት 36፥6)። ለሥራው የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ የተናገረ፣ ሲሞላም «በቃ» ያለ መሪ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቅ ይሰማል።

ለእናንተ ለሰጪዎች የምንለው አጠር ይላል። አሥራት በአዲስ ኪዳን ላለ ክርስቲያን ግዴታ ነው አይደለም በሚለው ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ፤ እኛ እንደ መልካም መነሻ እናየዋለን፤ ጣራም የድሀ መመዘኛም አናደርገውም። ዘኬዎስ ግማሹን ሰጥቷል። በሌዋውያን 27፥32 መሠረት ከበትሩ በታች ከሚያልፉት እንስሳት አሥረኛው ለእግዚአብሔር ይሆናል፤ መልካሙን ከክፉው መምረጥም የለም። ዘጠኝ ያለው አሥረኛ የለውም። ጌታ የሚቀበለውም ሰው እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም (2ኛ ቆሮ. 8፥12)። ተበድሮ መስጠት ስለዚህ ልግስና አይባልም፤ የተሰጠው የአበዳሪው ገንዘብ ነው። ወላጆቹን መርዳት ትቶ «መባ አድርጌዋለሁ» የሚልንም ጌታችን በማርቆስ 7፥11 ላይ ቁርባን በሚሉት ሰዎች ነገር ገሥጾታል።

ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። ቀኑን 1,000 ሸጠ እንበል። የዕቃው መግዣ 700፣ ማጓጓዣ 60፣ የቦታ ኪራይ 90 ነው። የቀረው 150 ነው። አሥረኛው 15 ነው። ከሽያጩ 100 የሚሰጥ ሰው ከትርፉ የሚቀረው 50 ብቻ ነው፤ ያ ለቤቱ ካልበቃው መነሻ ገንዘቡን መብላት ይጀምራል፤ ንግዱ ሲወድቅ ደግሞ እምነቱን ይጠራጠራል። ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ ከ150ው ላይ የቤት ወጪውን ሁሉ ቀንሶ ከተረፈ መስጠት ነው፤ እንዲህ ሲሆን አይተርፍም። ትርፉ እንደ ታወቀ፣ ሌላ ነገር ሳይነካ፣ ይለይ። ገቢው ወጣ ገባ የሚል ሰው ወሩን አይጠብቅ፤ በገባ ቁጥር ይለይ፤ «እንደ ቀናው መጠን» ማለት ይኸው ነው። ባልና ሚስት መጠኑን አብረው ይወስኑ፤ አንዱ ለሌላው ደብቆ የሚሰጠው ስጦታ ቤት ያፈርሳል።

የመጨረሻው ነገር ገንዘቡ ለድሀ የሚደርስበት መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ በዚህ ትታወቅ ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሲጽፍ ያላቸውና የፈቀዱ እንደ ወደዱ ይሰጣሉ፤ የተሰበሰበው በጉባኤው መሪ ዘንድ ይቀመጣል፤ እሱም ወላጅ አልባዎችን፣ መበለቶችን፣ ሕሙማንን፣ እስረኞችንና መጻተኞችን ይረዳል ይላል። በ251 ገደማ የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትረዳ እንደ ነበር እናነባለን። ይህን ያህል ሰው ያለ ስም ዝርዝር፣ ያለ ተረኛና ያለ ሒሳብ መመገብ አይቻልም።

በሐዋርያት ሥራ 6 ላይ በዕለት እደላ መበለቶቻቸው ቸል የተባሉባቸው ግሪክ ተናጋሪዎች አጉረመረሙ። ሐዋርያት ማጉረምረሙን አላፈኑትም። የተመረጡት 7 ሰዎች፣ ከእስጢፋኖስና ከፊልጶስ እስከ ኒቆላዎስ፣ ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። ቅር የተሰኘው ወገን ማዕዱ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በእርዳታ ኮሚቴያችሁ ውስጥ የተረጂዎቹን ቋንቋና ሰፈር የሚያውቅ፣ ድህነትን በራሱ የቀመሰ ሰው አለን? ከሌለ እርዳታው አፈ ቀላጤ ለሆነው ይደርሳል፤ የሚያፍረው ጦሙን ያድራል።

አሠራሩን እንዲህ ብታደርጉት እንመክራለን። ለችግረኞች የሚውለው ድርሻ በዓመቱ መጀመሪያ በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ቢያንስ ከገቢው አንድ አሥረኛ ቢሆን መልካም ነው፤ ሌዋውያንም ከተቀበሉት አሥራት አሥራት ይሰጡ ነበር (ዘኍልቁ 18፥26)። ድንገተኛ ችግር ሲመጣ፣ ሕመም ወይም ከቤት መባረር ሲሆን፣ ሁለት ዲያቆናት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ በ2 ቀን ውስጥ የመወሰን ሥልጣን ይኑራቸው። ሙሉ ስብሰባ የሚጠብቅ በሽተኛ ስብሰባው ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። የሚቀጥል እርዳታ ደግሞ በየ3 ወሩ ይታይ። መጀመሪያ ዘመድ ይጠየቅ፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 መበለቲቱ ልጆችና የልጅ ልጆች ካሏት አስቀድመው እነርሱ ብድራት ይመልሱ ይላል። የእርዳታው መጠንም ችግሩን የሚዘጋ ይሁን። የ3 ወር ኪራይ ያለበትን ሰው የ1 ወር ከፍላችሁ ብትሸኙት ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሰውየውም ተባሯል። ዘዳግም 15፥8 «የሚያስፈልገውን ያህል» ነው የሚለው። ለአሥር ሰው ቁራሽ ከማዳረስ ሦስቱን ከጉድጓድ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ይህ ከባድ ምርጫ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በጸሎትና በጽሑፍ ይወሰን።

የተረጂ ፎቶ አታንሡ። ስሙን በጉባኤ አትጥሩ። በመዝገቡ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥሩ የማን እንደ ሆነ የሚያሳየው ወረቀት በሁለት ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ። ጌታችን «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ያለው ለሰጪው ነው፤ ለተቀባዩ ገመና ደግሞ ከዚህ በላይ መጠንቀቅ ይገባናል። ጉባኤው ማወቅ ያለበት ስንት ሰው እንደ ተረዳ፣ በምን ዓይነት ችግርና በስንት ገንዘብ እንደ ሆነ ነው። ይህን ከመነሻ ሒሳብ፣ ከገቢ፣ ከወጪና ከቀሪ ጋር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በየ3 ወሩ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ጥያቄ ያለው የሚጠይቅበት ሰዓትም ይመደብ።

በሚቀጥለው መባ ቀን እንድትጀምሩ የምንለምነው በቅጹ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቃል ገልብጣችሁ በሦስት ቅጂ አባዙት።

በጌታ ፍቅርና በአክብሮት፤
በመባ ቆጠራ፣ በሒሳብና በእርዳታ አገልግሎት ያለን ምእመናን

«ቀን ______። እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው የሥጋ ዝምድና የሌለን ቆጣሪዎች ሣጥኑን አብረን ከፍተን፣ እያንዳንዳችን ለየብቻችን ቆጥረን፣ ከሣጥኑ ምንም ሳይከፈል፣ በአኃዝ ______ በፊደል ______ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ ውስጥ ለተለየ ዓላማ የተሰጠ ______፤ ዓላማው ______። ገንዘቡን የተረከበው ______። ባንክ የገባበት ቀን ______፤ የደረሰኝ ቁጥር ______። ፊርማ 1 ______ ፊርማ 2 ______ ፊርማ 3 ______።»